ከቀዶ ሕክምና በኋላ የልጆችን ሥቃይ ስለ ማስታገሥ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጕዳይ የልጆች ሥቃይ ነው። ሥቃይ ስንል ግን በሽታው ራሱ ስለሚያመጣው ሕመም መናገራችን አይደለም፤ በሽታውን ለማዳን ሲባል ሐኪም በቢላዋ ከቀደደና መልሶ ከሰፋ በኋላ ልጁ ሲነቃ ስለሚሰማው ሕመም ነው። በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

አንድ ልጅ ቡአ ቢወጣበት፥ ወይም ከንፈሩ ተሰንጥቆ ቢወለድ፥ ወይም ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ቢሰበር፥ ወላጆቹ ወደ ሆስፒታል ሲያስገቡት ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ልጃችን ከማደንዘዣው ይነቃልን ይሆን?» የሚል ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ወጥቶ «ደኅና ነው፤ ነቅቷል» ባላቸው ጊዜ «ተመስገን» ብለው ያርፋሉ። ለወላጆቹ ጭንቀቱ በዚህ ያበቃል። ለልጁ ግን ጭንቀቱ የሚጀምረው በዚያች ሰዓት ነው። እርሱ ተኝቶ ሳለ የተደረገለትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሲነቃ ያገኘውን ነው። የነቃውም እንግዳ በሆነ ክፍል፥ እንግዳ በሆኑ ሰዎች መካከል፥ ሰውነቱ እንደ እሳት እየፈጀው ከሆነ፥ የተደረገለት ሕክምና ደግነት መሆኑን ማን ያስረዳዋል?

ይህ ሥቃይ ግድ ነውን? ወይስ ማስቀረት ይቻላል? የዛሬው ንግግሬ መልስ አጭር ነው። በብዙው ማስቀረት ይቻላል። የሚቻለውም ልጁ ገና ሳይነቃ፥ ከቍስሉ ወደ አእምሮው የሚሄደውን የስሜት ነርቭ ለጥቂት ሰዓታት በማደንዘዝ ነው። ይህን ዓይነቱን ማደንዘዣ፥ መላውን ሰው ከሚያስተኛው ለመለየት፥ ክፍላዊ ማደንዘዣ እንለዋለን።

ወደ ዘዴው ከመግባታችን በፊት፥ የልጅ ሥቃይ ለረዥም ዘመን ለምን እንደ ተዘነጋ ማወቅ ይገባል፤ ምክንያቱም የድሮው አስተሳሰብ ዛሬም ከብዙ ሰው ልብ አልወጣምና።

በ1846 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በኤተር የተኛ በሽተኛ ሥቃይ ሳይሰማው ሲቀደድ በሐኪሞች ፊት ካሳየ ወዲህ፥ ቀዶ ሕክምና የሥቃይ ሌላ ስም መሆኑ ቀርቷል። ሆኖም ይህ በረከት ለትልቅና ለትንሽ እኩል አልደረሰም። ስለ ሕፃናት ሦስት ነገሮች ይነገሩ ነበር። አንደኛው፥ «የሕፃን ነርቮች ገና ስላልበሰሉ ሕመም በደንብ አይሰማውም» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «ቢሰማውም ይረሳዋል» የሚል ነው። ሦስተኛው፥ «ሞርፊንን የመሰለ ብርቱ መድኃኒት ቢሰጠው ትንፋሹ ይቆማል» የሚል ነው። ከሦስቱ ውስጥ እውነት ያለበት የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን መጠንቀቅን እንጂ መተውን አያስተምርም።

የዚህ አስተሳሰብ ውጤት ምን እንደ ነበረ በ1977 ዓ.ም. ከአሜሪካ ከአዮዋ የወጣ አንድ ጥናት በግልጥ አሳይቷል። ጥናቱ ከ4 እስከ 8 ዓመት የሆናቸውን 25 ልጆች ተመለከተ፤ ሁሉም ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ነበሩ። ከነዚህ መካከል 13ቱ በሆስፒታል በቈዩበት ጊዜ ሁሉ አንድም የሕመም ማስታገሻ አልተሰጣቸውም። ለ25ቱ ልጆች በጠቅላላው የተሰጠው 24 ጊዜ ብቻ ነበር። በሽታቸው ከልጆቹ ጋር ለሚመሳሰል 18 ጕልማሶች ግን 671 ጊዜ ተሰጥቷል። እንግዲህ ልብ እንበል። ለነዚያ ልጆች መድኃኒቱ ጠፍቶ አልነበረም፤ በዚያው አገር ለዐዋቂ ይሰጥ ነበር። የጠፋው ለልጁ ማሰብ ነበር።

ዐሥር ዓመት ቈይቶ በ1987 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ አናንድ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ያለ ጊዜያቸው ስለ ተወለዱ ሕፃናት ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። ሕፃናቱ በልባቸው አጠገብ ያለውን የደም ሥር ለማሰር ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ በተለመደው አሠራር ለእንደነዚህ ያሉ ሕፃናት የሚሰጠው ቀላል የጋዝ ማደንዘዣና ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ነበር፤ ይህም ሕፃኑ እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል እንጂ ሥቃይን በሚገባ አይከለክልም። ሐኪሞቹ ለግማሾቹ ብርቱ የሥቃይ ማስታገሻ ጨመሩላቸው። ማስታገሻ ያላገኙት ሕፃናት ደም ሲመረመር ሰውነት በጭንቅ ጊዜ የሚያመነጫቸው ቅመሞች እጅግ ከፍ ብለው ተገኙ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ችግር የበዛው በነርሱ ላይ ነበር። «ሕፃን አይሰማውም» የሚለው ነገር በዚህ ፈረሰ። ሕፃኑ መናገር ባይችልም ደሙ ተናገረለት።

«ይረሳዋል» ስለሚለውስ? በ1997 ዓ.ም. በካናዳ የተደረገ አንድ ጥናት 87 ወንዶች ልጆችን ተከታትሎ፥ የ4 ወይም የ6 ወር ክትባት ሲወጉ እንዴት እንደሚሆኑ መዘገበ። በተወለዱ ሰሞን ያለ ማደንዘዣ የተገረዙት፥ ካልተገረዙት ይልቅ በመርፌው አብዝተው ተሠቃዩ፤ አብዝተውም አለቀሱ። በማደንዘዣ ቅባት የተገረዙት ደግሞ በሁለቱ መካከል ሆኑ። ግዝረት በአገራችን የቈየ ሥርዐት ስለ ሆነ ይህ ጥናት ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሕፃኑ ነገሩን በአእምሮው አያስታውሰው ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን አልረሳውም።

ከዚህም በላይ ሥቃይ እንዲሁ የስሜት ጕዳይ ብቻ አይደለም። ሆዱን የተቀደደ ልጅ ስለሚያመው በጥልቅ መተንፈስና ማሳል ይፈራል፤ በዚህ ጊዜ አክታ በሳንባው ይከማቻል፤ ለሳንባ ምችም በር ይከፈታል። የሚያመው ሕፃን ጡት አይጠባም፤ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ልቡም በኀይል ይመታል። እየተወራጨ የተሰፋውን ሊያላቅቅ፥ የታሰረውን ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ ሥቃይን ማስታገሥ ለልጁ የሚደረግ ምፅዋት ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ዘዴው እንለፍ።

ሕመም ከቍስሉ ተነሥቶ ወደ አእምሮ የሚደርሰው በነርቭ አማካይነት ነው። ነገሩን በስልክ መመሰል እንችላለን። ቍስሉ ደዋዩ ነው፤ ነርቩ ሽቦው ነው፤ አእምሮ ደግሞ ስልኩን የሚያነሣው ነው። ሞርፊንና የእርሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች የሚሠሩት ባመዛኙ ስልኩን በሚያነሣው ላይ ነው። እርሱን ያደነዝዙታል፤ ነገር ግን ከመጠን ሲያልፉ አብሮ የትንፋሽን ሥራ ያደክማሉ፤ ማቅለሽለሽና ማሳከክም ያመጣሉ። ክፍላዊ ማደንዘዣ ግን ሽቦውን ለጊዜው ያቋርጣል። ደዋዩ ይደውላል፤ መልእክቱ አይደርስም፤ ልጁም አእምሮው ንጹሕ፥ ትንፋሹ ደኅና ሆኖ ይቀመጣል። የዚህ ምሥጢር፥ መልእክት በነርቭ ውስጥ የሚያልፈው ሶዲየም የተባለው ንጥረ ነገር በረቂቅ በሮች ወደ ነርቩ ሲገባ መሆኑ ነው፤ መድኃኒቱ እነዚያን በሮች ይዘጋል። መድኃኒቱ በደም ታጥቦ ሲሄድ በሮቹ ተመልሰው ይከፈታሉ። ጥርሱን በመርፌ አደንዝዞ ያስነቀለ ሰው ሁሉ ነገሩን በራሱ ላይ ያውቀዋል።

የዘዴው ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በ1884 ዓ.ም. ካርል ኮለር የተባለ የቪየና ሐኪም ኮካይን ዐይንን ሊያደነዝዝ እንደሚችል አሳወቀ። በ1898 ዓ.ም. ጀርመናዊው አውጉስት ቢር መድኃኒቱን በወገብ በኩል ኅብለ ሠረሠሩ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ሰጠ። በ1909 ዓ.ም. በለንደን ታይረል ግሬይ በዚሁ መንገድ ለሕፃናትና ለልጆች የሰጠውን ማደንዘዣ በጽሑፍ አሳተመ። በ1933 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሜሬዲት ካምቤል በታችኛው የአከርካሪ ጫፍ በኩል ለልጆች የሚሰጠውን ማደንዘዣ ገለጠ። ኮካይን ራሱ አደገኛ ስለ ነበር ሌሎች ተፈለጉለት፤ ሊዶኬይን በ1943 ዓ.ም.፥ ለብዙ ሰዓት የሚቈየው ቡፒቫኬይን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. በስዊድን አገር ተቀመሙ። ሁለቱም እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ተራ መዝግቧቸዋል። እንግዲህ የምንናገረው ትናንት ስለ ተፈጠረ ወይም ዋጋው ስለማይቀመስ ነገር አይደለም።

ለልጆች ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ካምቤል የገለጠው ዐይነት ስለ ሆነ፥ እርሱን ዘርዘር አድርጌ ልናገር። ልጁ አስቀድሞ በሙሉ ማደንዘዣ ይተኛል። ዐዋቂ ሰው መርፌውን ነቅቶ ሊታገሥ ይችላል፤ ሕፃን ግን ስለሚፈራና ስለሚወራጭ ተኝቶ ቢሰጠው ይሻላል። ከዚያም በጎኑ አስተኝተው ጕልበቶቹን ወደ ሆዱ ያጥፏቸዋል። ባለሙያው ቆዳውን በሚገባ አጽድቶ፥ ከመቀመጫው ስንጥቅ ከፍ ብሎ በጣቱ ሲዳስስ ሁለት ትንንሽ የአጥንት ጕብታዎች ያገኛል። በነርሱ መካከል በስስ ሽፋን የተከደነ ቀዳዳ አለ። ቀጭኑ መርፌ ያንን ሽፋን ሲያልፍ እጅ ላይ ይታወቃል። ከዚያ ወዲያ ብዙ መግፋት አይገባም፤ ምክንያቱም በሕፃን የኅብለ ሠረሠሩ ፈሳሽ ያለበት ከረጢት ከዐዋቂ ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል። ባለሙያው ደም ወይም ፈሳሽ አለመምጣቱን ስቦ ይመለከታል፤ ከዚያም መድኃኒቱን ቀስ በቀስ፥ የልብ ምቱን እያየ ያስገባል። ሥራው ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ተፈጥሮ በዚህ ረገድ ልጆችን ረድታቸዋለች። ቀዳዳው በሕፃን ላይ በቀላሉ ይዳሰሳል፤ በዐዋቂ ግን አጥንቱ እየጠነከረና ስብ እየሸፈነው ይሄዳል። በነርቮቹ ዙሪያ ያለው ስብ በሕፃን ላይ ልል ስለ ሆነ መድኃኒቱ ያለ ችግር ይዳረሳል። እንዲህ ያለው ማደንዘዣ በዐዋቂ የደም ግፊትን ዝቅ ሲያደርግ፥ እስከ 8 ዓመት ገደማ በሆናቸው ልጆች ግን ብዙም አይለውጠውም። በዚህ መንገድ ከእምብርት በታች ላሉ ቀዶ ሕክምናዎች፥ ማለት ለቡአ፥ ለግዝረት፥ ለእግር ቀዶ ሕክምናና ለመሳሰለው፥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚቈይ ዕረፍት ይገኛል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። ለክንድ ስብራት በብብት በኩል ያሉት ነርቮች ይደነዝዛሉ። ለጭን አጥንት ስብራት በብሽሽት በኩል ያለው ነርቭ ይደነዝዛል። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ለተወለደ ሕፃን ከዐይኑ በታች የሚወጣው የጕንጭ ነርቭ ይደነዝዝለታል። ይህም ካልተቻለ ቀዳጁ ሐኪም ራሱ ከመስፋቱ በፊት መድኃኒቱን በቍስሉ ዳርና ዳር ሊወጋው ይችላል፤ ይህን ለማድረግ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ነርቩንና መርፌውን በዐይን እያዩ መሥራት ተለምዷል፤ በዚህም መድኃኒቱ በትክክል ከቦታው ስለሚደርስ መጠኑን ማሳነስ ተችሏል።

አሁን ስለ አደጋው እንናገር፤ ጥቅሙን ብቻ ነግሮ አደጋውን መሸሸግ አድማጭን መናቅ ነውና።

የመጀመሪያውና ዋናው አደጋ መድኃኒቱ ከመጠን ሲያልፍ ወይም ተሳስቶ በደም ሥር ሲገባ ነው። በዚህ ጊዜ ልጁ ሊንዘፈዘፍ፥ የልቡም ምት ሊዛባና ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ የወርቅ ሚዛን ያህል መጠንቀቅን ይጠይቃል። ቡፒቫኬይን በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ የልጅ ክብደት ከ2.5 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከ25 ሚሊግራም በላይ አይሰጠውም ማለት ነው። መድኃኒቱ 0.25 በመቶ የሆነ እንደ ሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 2.5 ሚሊግራም ስላለ፥ የዚህ ሕፃን ልክ 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ስም የሚጠራው፥ ውሃ መስሎ የሚታየው የ0.5 በመቶው መድኃኒት እጥፍ ነው፤ ብልቃጡ ሳይነበብ 10 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ ሕፃኑ 50 ሚሊግራም ተቀበለ ማለት ነው። ደግሞም በአከርካሪው በኩል ልኩን ለተቀበለ ልጅ ቀዳጁ ሐኪም በቍስሉ ላይ ሌላ ቢጨምርለት ድምሩ ከወሰን ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱ ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው መነጋገር አለባቸው። አዲስ የተወለዱ ሕፃናትማ ጕበታቸው መድኃኒቱን ቶሎ ስለማያስወግድ፥ በደማቸውም ውስጥ መድኃኒቱን አስሮ የሚይዘው ፕሮቲን ስለሚያንስ፥ መጠኑ ከዚህም ዝቅ ይላል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ልጁን በሚዛን ከመመዘን ነው፤ በግምት የተነገረ ክብደት ሚዛንን አይተካም።

ይህ አደጋ ቢደርስ እንኳ መድኃኒት አለው። በ1998 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጋይ ዋይንበርግ በእንስሳት ላይ እንዳሳየው፥ በደም ሥር የሚሰጥ 20 በመቶ የሆነ የቅባት ፈሳሽ የመድኃኒቱን መርዝነት ለመመለስ ይረዳል፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በሰው ላይ ጠቅሞ ተገኝቷል። ስለዚህ ፈሳሹ ክፍላዊ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ክፍል በቅርብ መቀመጥ ይገባዋል።

ሌላው ወላጆች የሚፈሩት ነገር «ልጄ በመርፌው ምክንያት ሽባ ይሆናልን?» የሚል ነው። ፍርሃቱ የተገባ ስለ ሆነ መልሱም በቍጥር ይሁን። በ1996 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሐኪሞች 24,409 የልጆች ክፍላዊ ማደንዘዣዎችን ቈጥረው ባሳተሙት ጥናት ችግር የታየው በ1,000 ላይ ወደ 1 በሚጠጋ ልክ ነበር፤ ያም ቢሆን ዘላቂ ጕዳት አላስከተለም። በ2018 ዓ.ም. የታተመው የአሜሪካ ሆስፒታሎች መዝገብ ደግሞ ከ100,000 በላይ የሆኑትን መርምሮ፥ ዘላቂ የሆነ የነርቭ ጕዳት አንድም አላገኘም። ጊዜያዊ የነርቭ ችግር የታየው በ10,000 ላይ 2 ወይም 3 ጊዜ ነው። እርግጥ ይህ ቍጥር የተገኘው በሠለጠነ እጅና በተሟላ ጥንቃቄ ነው። ሥልጠና የሌለው ሰው የያዘው መርፌ በዚህ ቍጥር ሊመካ አይችልም። ደሙ የማይረጋ ልጅ፥ መርፌው በሚገባበት ቦታ ቍስል ወይም መግል ያለው ልጅ፥ ለመድኃኒቱ ሰውነቱ የሚቈጣ ልጅ ይህ ማደንዘዣ አይሰጠውም። ወላጆቹ ካልፈቀዱም እንዲሁ።

ክቡራን አድማጮች፤ አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ይህ ዕረፍት ወሰን አለው። ረፋድ ላይ ተቀድዶ ከሰዓት በኋላ እየሣቀ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ፥ ማታ መድኃኒቱ ሲለቀው ሥቃዩ በድንገት ሊነሣበት ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ የለም፤ ያሉት እናትና አባት ናቸው። ስለዚህ ማስታገሻው፥ ለምሳሌ ፓራሲታሞል፥ ልጁ ማልቀስ ሳይጀምር፥ ድንዛዜው ሳይለቀው በፊት፥ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ በወሰነው መጠንና ሰዓት ሊሰጠው ይገባል። እሳት ከተቀጣጠለ በኋላ ከማጥፋት አስቀድሞ መከልከል ይቀላል። እግሮቹ ደንዝዘው ሳሉም ልጁ ብቻውን ተነሥቶ እንዳይሄድ፥ ትኩስ ነገር እግሩን እንዳያቃጥለው፥ በአንድ ጎኑ ብቻ ብዙ እንዳይተኛ መጠበቅ ነው። ሰዓቱ አልፎ እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ሽንቱ ካልወጣ ሳይዘገዩ ለሆስፒታሉ ማስታወቅ ይገባል።

ነገር ግን መናገር የማይችል ሕፃን እንደሚያመው በምን ይታወቃል? «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሕፃን ግን ሥቃዩን አይሸሽግም፤ የምንሸሽገው እኛ ነን፥ ባለማየታችን። በ1997 ዓ.ም. የአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያሳተሙት መለኪያ ማንም ሊማረው የሚችል ነው። አምስት ነገሮች ይታያሉ። ፊቱ ተኮሳትሯልን? እግሮቹ ተወጥረዋልን ወይስ ይፈራገጣሉን? ሰውነቱ ይጥመዘመዛልን? ለቅሶው እንዴት ያለ ነው? ሲያቅፉትና ሲያባብሉት ዝም ይላልን? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩም ከ10 ይቈጠራል። በዚህ አኳኋን ሥቃይ እንደ ትኵሳት የሚለካና በመዝገብ የሚጻፍ ነገር ሆነ። የተጻፈ ነገር ደግሞ፥ በቢሮ የምትሠሩ ሁሉ እንደምታውቁት፥ ኀላፊ አለው፤ ያልተጻፈው ግን የማንም አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ወዴት እንደርሳለን? ከአገራችን ሕዝብ ከሦስት ሰው ከአንድ የሚበልጠው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ነው። የማደንዘዣውን ሥራ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሚሸከሙት፥ የሕክምና ዶክተሮች ባይሆኑም ለዚሁ የተማሩ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ናቸው። የሚያስፈልገው መድኃኒት የታወቀ ነው፤ መርፌውም ቀላል ነው። ሞርፊን ከተሰጠ በኋላ ልጁን ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ነርስ በማይበቃበት ክፍል፥ ትንፋሽን የማያደክም ዘዴ ጥቅሙ ይበልጣል እንጂ አያንስም። የሚጐድለው ይህን ዘዴ በሚገባ ማስተማር፥ መድኃኒቱ ከመጋዘን እንዳይጠፋ ማድረግ፥ ሥቃይንም ከደም ግፊትና ከትኵሳት ጋር በአንድ ወረቀት መመዝገብ ነው። ከአድማጮቼ መካከል የሆስፒታል በጀት የሚያዘጋጁ፥ የግዢ ወረቀት የሚፈርሙ፥ የመጋዘን ሒሳብ የሚቈጣጠሩ ብዙዎች ናቸው። የቡፒቫኬይን ብልቃጥ በዝርዝሩ ላይ አንዲት ትንሽ መሥመር ነች። ያቺ መሥመር በተሰረዘች ቀን ግን፥ ሰራዡ የማያየው አንድ ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ እየጮኸ ይነቃል።

ወላጆች ለሆናችሁ ደግሞ የምነግራችሁ ይህ ነው። ልጃችሁ ሊቀደድ ቀን በተቈረጠለት ጊዜ «ይነቃልን?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ሲነቃ ሥቃዩ በምን ይታገሥለታል? ነርቩን ማደንዘዝ ይቻል እንደ ሆነ ለምን አይደረግለትም? ድንዛዜው በስንት ሰዓት ይለቀዋል? ከዚያ በኋላስ ምን እንስጠው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። አልጋው አጠገብም ቆማችሁ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉት። ጀግንነት ዐዋቂ ሰው ዐውቆ የሚመርጠው ነገር ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ግን ምንም አልመረጠም። የእርሱ ለቅሶ የፈሪ ለቅሶ ሳይሆን፥ ሌላ ቋንቋ የሌለው ሰው ያቀረበው አቤቱታ ነው። አቤቱታን ተቀብሎ መልስ መስጠት ደግሞ የትልቅ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።